የዋስ ልብስ የለበሱ ተጫዋቾች

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ካፋ ዞን፣ ቦንጋ ከተማ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አልጋዬ ላይ።

እኔ ኃይለመስቀል ወዳጆ፣ በዚህ ከተማ ፎቶ አንሺው ኃይለመስቀል እየተባልሁ የኖርሁ፣ እግሬ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ማን ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ እንደ ተቀመጠ አሳምሬ አያለሁ። ይህን ቃል የምሰጠው ማንም አስገድዶኝ ወይም አባብሎኝ አይደለም። ከዚህ በፊት የተናዘዝሁት ኑዛዜ የለም፤ አለ የሚል ቢመጣም ይህኛው ሽሮታል።

ቃሌን የሚጽፈው አቶ ሙሉብርሃን ነው፤ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ የሰው አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ምስክሮቼ የዕድራችን ዳኛ አቶ ጥሩሰው፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዝማሬ፣ መምህር በእምነትና ከሺሺንዳ የመጣው አቶ ዋለ ናቸው። ልጆቼ ልዑልቃልና ህይወትም እዚሁ አሉ። ሙሉብርሃን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ልጆቹ ለጊዜው ቢወጡ አይሻልም?» ብሎኛል። አይሻልም። የምናገረው ስለ እነሱ ነው፤ በጆሯቸው ይስሙት። ሙሉብርሃን፣ አንተም የምልህን ሁሉ ጻፍ፤ ሌላ ሰው ጣልቃ ገብቶ ቢናገርም የእሱንም ጻፍ። በኋላ «እንዲህ አላለም፣ እንዲያ ነው ያለው» የሚል ንትርክ አልፈልግም።

አንደኛ፤ ስሞት በባለቤቴ በላቀች ጎን ቅበሩኝ። ድንኳኑን ዕድሩ ይተክላል፤ ከዚያ ያለፈ ድግስ አታብዙ። የሰው ዕዳ የለብኝም። ያለብኝ ንዴት ነው፤ እሱንም ዛሬ እዚህ ወረቀት ላይ አራግፈዋለሁ።

ሁለተኛ፤ ይህ የምኖርበት ቤት ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። ከጓሮ ያለው ኮረሪማ ግን ለህይወት ብቻ ነው። ከቢታ ገነት፣ ከምታስተምርበት፣ ለዕረፍት በመጣች ቁጥር ያረመችው እሷ ናት። ልዑልቃል ጓሮ መኖሩንም የሚያስታውስ አይመስለኝም።

ሦስተኛ፤ አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይኸውም መንገድ ዳር ያለው አሮጌው ፎቶ ቤቴና በውስጡ ያኖርኋቸው ፊልሞች ናቸው። ነገሩን የማያውቅ ዳኛ ቢያነበው እንዲገባው ከሥሩ ልጀምር።

በ1987 ዓ.ም. የሠፈራችን ልጆች «ንጋት» የሚባል የኳስ ቡድን ሊያቋቁሙ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ አሻፈረን አሉ። ኳስ መስኮት ይሰብራል፣ ትምህርት ያስፈታል፣ ሲመሽም ጠጅ ቤት ያደርሳል አሉ። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ዋስ ይጥራ፤ ልጁ ቢያጠፋ ዋሱ ይጠየቅ፤ ዋስ ያጣ አይጫወት። የቡድኑ ኃላፊ እኔ ሆንሁ። ለዞኑ ውድድር ደግሞ የኳስ ሰዎች ቴሴራ የሚሉት ባለ ፎቶ የተጫዋች መታወቂያ ያስፈልግ ነበርና ፎቶውንም የማነሣው እኔው ነበርሁ።

ፎቶ የሚነሡበት ቀን ከገበያ ቀን ጋር ገጠመ። ዋሶቹ ገበያቸውን ጥለው መምጣት ስላልቻሉ «ዋስ መሆኔን ይህ ይመስክርልኝ» እያሉ ከላያቸው ያለውን ልብስ አውልቀው ላኩ። ልጆቹም እሱኑ ለብሰው ከመጋረጃዬ ፊት ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ወግ ሆኖ ቀረ። በየዓመቱ አዲስ የሚገባ ልጅ ሁሉ በማልያ ሳይሆን በዋሱ ልብስ ተነሣ።

መቼም ያላየ አያምንም። ተከላካዩ ሰብሃት ዋሱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ፤ ካፖርታቸው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ወርዶ እጁን ከነጣቱ ውጦታል። ዮሲ የሥጋ ቤት ነጭ ጋውን ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ነገር የፊልም ጉድለት አይደለም። እዚህ የተቀመጠው መምህር በእምነት የመዘምራን ጋውን ለብሶ ኳሱን በብብቱ ይዟል፤ አሁን መዝሙር ሊጀምር ነው ትላላችሁ። አንዱ ዋሱ ንብ አርቢ ስለ ነበር ከነዓይነ ርግቡ መጣ፤ የፌዴሬሽኑ ሰው «ይህ ተጫዋች ነው ወይስ ቀፎ?» ብሎ መለሰብኝ። ፊቱን ገልጬ ደግሜ አነሣሁት። ዋለ ደግሞ በረኛ ነበር፤ ያኔም ቁመቱ ከመጋረጃዬ ያልፍ ነበር። ዋሱ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። አበባ የተጠለፈበትን ሹራባቸውን ለብሶ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀርቷል፤ ሻሻቸውን በራሱ ላይ አስሯል፤ በዚያ ላይ የበረኛ ጓንቱን አጥልቋል።

ልዑልቃልም ተጫውቷል። እኔ ኃላፊ ስለ ነበርሁ ለልጄ ዋስ ልሆን አልተፈቀደልኝም፤ ዋስ የሆነችው እናቱ ናት። ላቀች የገበያ ቀሚሷን፣ ሰማያዊ መደቡ ላይ ቢጫ አበባ ያለውን፣ አውልቃ በቤት ልብሷ ቀረች። ልጁ ያንን ለብሶ ቆመ። ቴሴራው ከታደለ በኋላ በሜዳውም በመንገዱም «ወይዘሪት ልዑልቃል» አሉት። ላቀች ይህን ስትሰማ ሜዳ ድረስ ወርዳ በካፊኖኖም በአማርኛም አወረደችባቸው፤ «እኔ የለበስሁትን ልጄ ቢለብሰው ምን ነውር አለው?» ብላ። ተሳዳቢዎቹ ዝም አሉ፤ ልጄ ግን አኮረፈ። ያ ኩርፊያ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም ብዬ አምናለሁ።

ፊልሞቹን በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከደረቅ ሩዝ ጋር አኖርኋቸው። የቦንጋ ዝናብ ፊልም ያሻግታል፤ እርጥበቱን ሩዙ ይጠጣዋል። በየጊዜው ሩዙን እየለወጥሁ እስካሁን አንዱም አልተበላሸም።

አራተኛ፤ ልጄ ልዑልቃል ኮምፒውተር ያለው ፎቶ ቤት ከፍቷል። ሰው «ኮት አልብሱልኝ» እያለ ይመጣል፤ እሱም የሰውየውን ራስ ቆርጦ ከማንም ኮት ላይ ይተክለዋል። ለሥራ ማመልከቻ፣ ለሽምግልና፣ ለሙት ዓመት። እንጀራው ነው ብዬ ዝም አልሁ። አሁን ግን የንጋት ቡድን ሠላሳኛ ዓመት ሊከበር ነው ተባለና ኮሚቴው ትልቅ ባነር እንዲሠራ ለእሱ ሰጠው። ጣሳውን ከኔ ተቀበለ። አምኜ ሰጠሁት።

ባለፈው ሳምንት ዝማሬ ወደ ሱቁ ጎራ ብላ፣ ባነሩ ከማተሚያው ገና እየወጣ ሳለ በስልኳ አንሥታ አመጣችልኝ። ዋለ ኮት ለብሷል። ሰብሃትም ያንኑ ኮት ለብሷል። ዮሲም፣ በእምነትም፣ ያንኑ ሰማያዊ ኮት ከነቀይ ከረቫቱ። ስልኳን መለስሁላትና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

የዘበኛው ካፖርት የት ገባ? እኚያ ሰው ከሞቱ ዘመን አልፏል፤ ልጅ የላቸውም፣ ፎቶ አልተነሡም። ከሳቸው በዚህ ምድር የቀረው በሰብሃት ላይ ያለው ካፖርት ብቻ ነው። ልጄ በኮምፒውተሩ ገፈፋቸው። እነዚያን ልጆች ማንም ባላመነበት ጊዜ «እኔ አለሁ» ብለው የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ገፈፋቸው። የእናቱንም ቀሚስ እንዳልማረ አልጠራጠርም፤ ድሮም ያፍርበት ነበር።

ስለዚህ ልጄን ልዑልቃልን ከውርሴ ነቅዬዋለሁ። ፎቶ ቤቱም፣ ፊልሞቹም፣ በሁለተኛ ላይ የጠቀስሁት የቤቱ ግማሽም ለእሱ አይደርሱም፤ ሁሉም ለህይወት ይሁን። ከውርስ የሚነቅል ምክንያቱን ይናገር ይላል ሕጉ። ምክንያቴ በአደራ የሰጠሁትን የሙታን ልብስ መግፈፉ ነው።

ይህን ካጻፍሁ በኋላ ጠየቅሁት። የተባባልነው ይጻፍ።

«ልዑልቃል፣ የምትለው አለህ?»

«የለኝም፣ አባባ።»

«ማን አዘዘህ?»

ዝም አለ። ሙሉብርሃን፣ ዝም አለ ብለህ ጻፍ። ህይወት «ልዑል፣ ተናገር እንጂ! ከቤትህ እኮ ነው የሚነቅሉህ» አለችው። ወደ እኔ ዞራ፣ «አባባ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ለነገ ይደር» አለችኝ። ነገ የኔ መሆኑን ማን ነገረሽ አልኋት። ሙሉብርሃን የጻፈውን አንብቦ ብዕሩን ሰጠኝ።

ልፈርም ስል ዋለ ከወንበሩ ተነሣ። ራሱ ከጣሪያው ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ አይፈርሙ» አለኝ። «እርስዎ ቢፈርሙም እኔ ምስክር ሆኜ አልፈርምም።»

ለምን ብዬ ጠየቅሁት። የተናገረው በራሱ ቃል ይጻፍ፦

«ኮት አልብሰኝ ያልሁት እኔ ነኝ። አምና አንድ ልጅ ቴሴራዎቻችንን ቲክቶክ ላይ አወጣቸው። አገር ምድሩ ሳቀ። እኔ ሲሳቅብኝ አልከፋኝም፤ በረኛ ሆኖ ያልተሳቀበት የለም። ግን ስለ አክስቴ ሻሽና ሹራብ የጻፉትን ማታ ማታ ልጄ ታነብልኝ ነበር። አክስቴን አንድ ቀን አይተዋት አያውቁም። እናት ሆና ያሳደገችኝን ሴት የማያውቋት ሰዎች መሳቂያ አደረጓት። ስለዚህ ልዑልቃል ዘንድ ሄጄ ሸፍናት አልሁት። ለጋሼ ብትነግር ጉድ ይፈላል ብዬ በእናቱ ስም ያስማልሁት እኔው ነኝ።»

መምህር በእምነትም መሬት መሬት እያየ፣ «እኔም ለምኜዋለሁ፤ ሌሎቹም እንደዚያው» አለ።

ነደደኝ። ሁለቱም ምሳቸውን እዚህ ቤት በልተዋል፤ ያቺን ሁሉ ሰዓት ልጄን ስቀጣው እያዩ ተቀምጠዋል። ይህንም አልኋቸው። ዋለ «እውነትዎን ነው» አለና ቆሞ ቀረ።

ወደ ልጄ ዞርሁ። «ዝም አይነቅዝም ብለህ ነው?»

«ሰዎቹ አምነው ነገሩኝ» አለኝ። «ከመጋረጃው ፊት ሰው የነገረህን ከመጋረጃው ውጭ አታውራ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«እነሱስ ለመኑህ። የእናትህን ቀሚስ ግፈፍ ብሎ የለመነህ ማን ነው?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አባባ፣ ባነሩን እስከ መጨረሻው አላዩትም» አለ። ህይወት እጇን ዘርግታ የሱቁን ቁልፍ ጠየቀችው፤ ሊሰጣት አልፈለገም፤ ከኪሱ ራሷ ወስዳ በባጃጅ ሄደች።

አምስተኛ፤ እስክትመለስ ሥራ አንፈታም። አውሮፕላን የተሳለበት መጋረጃዬ ለህይወት ይሁን፤ ልጅ ሳለች በዚያ አውሮፕላን ተሳፍራ አዲስ አበባ ደርሳ የተመለሰች ይመስላት ነበር። ባለሦስት እግሩ ትልቁ ካሜራ ከፎቶ ቤቱ አይለይ። ሬዲዮኔን ለዝማሬ ብዬ ነበር፤ ሙሉብርሃን ግን «ለምስክር የሚተው ስጦታ ይፈርስብዎታል» አለኝ። እንግዲህ ዝማሬ፣ ሬዲዮኑን ዛሬ በቁሜ ይዘሽው ሂጂ፤ ኑዛዜ ውስጥ አላስገባውም። እሷም «ጋሽ ኃይለመስቀል፣ ስልኬን ባላሳየዎት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ» ብላ ዓይኗን ጠረገች። የምታለቅሰው ለሬዲዮኑ አይደለም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ልዑልቃል ከበሩ አጠገብ ቁጭ እንዳለ ነው። ብዕሩ በእጄ እንዳለ ነው፤ አራተኛው ቁጥር እንደ ተጻፈ ነው፤ የሚቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው።

ህይወት በስብሳ ተመለሰች፤ ባነሩን ግን በላስቲክ ጠቅልላ ከዝናቡ አድናዋለች። ዋለና ጥሩሰው ከአልጋዬ ጀምረው ወደ በሩ ዘረጉት። ኮት ነው። ቀጥሎም ኮት። ሁሉም አንድ ትከሻ፣ አንድ ከረቫት፤ ሰብሃትን ከዮሲ የምለየው በጆሮው ብቻ ነው። ንዴቴ እንደገና ሊነሣ ሲል ጥቅልሉ በሩ ዘንድ ደረሰና ልዑልቃል እግሩን አነሣ።

የመጨረሻው ፎቶ የእሱ ነው። የእናቱን ቀሚስ ለብሷል። ሰማያዊው መደብ፣ ቢጫው አበባ፣ ላቀች በእጇ የጠቀመችው የአንገቱ ጠርዝ ሳይቀር አለ። ቀለሙን አጥርቶ፣ ጭረቱን አጥፍቶ፣ ከሁሉም አብልጦ ሠርቶታል። ከሥሩም «ልዑልቃል ኃይለመስቀል፣ ግራ ክንፍ» ይላል።

ያን ሁሉ ሰው ኮት አልብሶ ራሱን ብቻ በሴት ቀሚስ ትቶታል። በበዓሉ ቀን የከተማው ሰው ሁሉ የሚስቀው በእሱ ብቻ ነው።

«ይስቁብሃል» አልሁት።

«ይሳቁ» አለኝ። «እሷን አላወልቃትም።»

አለቀስሁ። ይጻፍ፤ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ስድስተኛ፤ በአራተኛ ላይ ልጄን ከውርስ ነቅዬዋለሁ ያልሁት ቃል ሙሉ በሙሉ ተሽሯል። ሙሉብርሃን ያንን ገጽ ቀዶ እንደገና ሊጽፈው ፈልጎ ነበር። አይቀደድ። ልጆቼ ለልጆቻቸው ያንብቡት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔም ደርሷል። ቤቱ በሁለተኛ ላይ እንዳልሁት ለሁለቱም እኩል ነው። ፎቶ ቤቱ፣ ካሜራውና ፊልሞቹ ግን ለልዑልቃል ናቸው።

ሰባተኛ፤ ልዑልቃል ሆይ፣ ፊልም አይቃጠልም፣ አይቆረጥም። ሩዙን ለውጥ። ኮት የሚፈልግ ኮቱን አልብሰው፤ የዋሱን ልብስ የሚፈልግ እንደ ተነሣ አትመህ ስጠው። ዋለ፣ አክስትህን ደብቀህ ያዳንሃት መስሎሃል፤ እኔ አሁንም አልስማማህም። ነገር ግን አክስትነቷ ላንተ ነው፣ ፎቶውም ያንተ ነው፤ ልፈርድብህ አልችልም። የዘበኛው ካፖርት ግን የሚጠይቅለት ዘመድ ስለ ሌለው እኔ እጠይቅለታለሁ፤ ሰብሃት ቢፈቅድ በፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ስምንተኛ፤ ባነሩ እንዳለ በሜዳው ይሰቀል፤ ማንም አይነካካው። በበዓሉ ቀን በሕይወት ብኖር በወንበር ተሸክማችሁ ውሰዱኝና ከልጄ ፎቶ ሥር አስቀምጡኝ። ብሞትም ወንበሩን ባዶውን እዚያው አኑሩት። ሊስቅ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ እኔን አልፎ ይሂድ።

ከዚህ የተረፈ ቃል የለኝም። የጻፍነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በምስክሮቼ ፊት ተነቦልኛል፤ ቃሌ ነው፤ በእጄ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ ኃይለመስቀል ወዳጆ (ፊርማ)

እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው ምስክሮች አቶ ኃይለመስቀል ይህን ሁሉ በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ፣ ሲነበብላቸውም ሲያዳምጡ፣ ሲፈርሙም አይተን ፈርመናል።

ጥሩሰው (ፊርማ)
ዝማሬ (ፊርማ)
በእምነት (ፊርማ)
ዋለ (ፊርማ፤ ስድስተኛው ቁጥር ከተጻፈ በኋላ)

ጸሐፊ፦ ሙሉብርሃን (ፊርማ)። ፊርማው ሲደረግ መብራት ስለ ጠፋ ልዑልቃል ኃይለመስቀል ከአባቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ በስልኩ አብርቶልናል። ወራሽ በመሆኑ እሱ አልፈረመም።